ጉርሻ ስንት ነጥብ ነው?

ባለፈው ዓመት የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ሊያበቃ ሲቃረብ፣ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የቤተ ሙከራ ሪፖርቷን ልታስረክበኝ ወደ ቢሮዬ መጣች። ከሪፖርቱ ሥር፣ ሳታውቀው አብራ የሰጠችኝ አንድ ስስ ደብተር ነበር። በየገጹ ላይ ቀን ተጽፎ ከሥሩ ቁጥሮች ተደርድረዋል፦ «ግማሽ እንጀራ 4፣ ሽሮ 3፣ ሻይ 1»። ግርጌው ላይ ድምር አለ። ድምሩ በአብዛኛው 18 ነው፤ በአንዳንዱ ቀን ግን 12 ብቻ ሆኖ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦበታል። መጀመሪያ ያልተጠናቀቀ የሙከራ ውጤት መስሎኝ ነበር።

ስጠይቃት ሳትደብቅ አስረዳችኝ። ደሴ የሚኖሩት እናቷ ከጥቂት ዓመታት በፊት የስኳር በሽታ ተገኝቶባቸው ሐኪማቸው ክብደት እንዲቀንሱ ይመክራቸዋል። አሜሪካ ያለችው አክስቷ ይህን ሰምታ፣ ምግብን በነጥብ እየቆጠሩ ክብደት ስለመቀነስ የሚያስረዳ አንድ አሮጌ መጽሐፍ በሰው እጅ ትልካለች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር ለእናቷ የተረጎመችው ልጅቷ ናት። ስትተረጉም ለራሷም ጀመረች። እናት 1 ሜትር ከ56 ቁመት፣ 78 ኪሎ ክብደት አላቸው። ልጅ 1 ሜትር ከ62 ቁመትና 47 ኪሎ ክብደት ነበራት። ሁለቱም ስማቸው ሳይጠቀስ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ነጥብ ቀመር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ዘዴው ማጭበርበሪያ አይደለም፤ በሚገባ የተፈተነ፣ መጠነኛ ውጤትም ያለው ነው። ነገር ግን የተቀመረው ሌላ ዓይነት ገበታ ፊት ለተቀመጠ፣ ትርፍ ስብ ለተሸከመ አዋቂ ሰው ነው። እንዳለ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ማዕድ ሲመጣ መቁጠር የሚገባውን ይዘልላል፤ በከሳ ወጣት እጅ ሲገባ ደግሞ አደገኛ ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ አነሣሡ ጥቂት እንበል። ኒውዮርክ ውስጥ በኩዊንስ ሠፈር የምትኖር ጂን ናይዴች የተባለች የቤት እመቤት እ.ኤ.አ. በ1961 ክብደቷ 97 ኪሎ ገደማ ነበር። የከተማው የጤና መሥሪያ ቤት የሰጣትን የምግብ መመሪያ ብቻዋን መከተል ቢያቅታት ጓደኞቿን ቤቷ ሰብስባ በየሳምንቱ መመካከር ጀመረች። ከዚህ ስብሰባ እ.ኤ.አ. በ1963 ዌይት ዋቸርስ የተባለው ድርጅት ተወለደ። ልብ ይባል፤ በመጀመሪያ ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረም። የተፈቀደና የተከለከለ ምግብ ዝርዝር፣ ሳምንታዊ ሚዛንና የሰው ስብሰባ ነበር። በአገራችን ቋንቋ ብንተረጉመው ከዕቁብ ወይም ከማኅበር ብዙ የማይርቅ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ዕጣ አለመኖሩና መዋጮው ለድርጅቱ መሆኑ ነው። ነጥብ የመጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ መጀመሪያ በብሪታንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በአሜሪካ ነው።

የመጀመሪያው ቀመር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ የማይከብድ ነው። የምግቡ ኪሎ ካሎሪ ለ50 ይካፈላል። በግራም የተለካው ቅባት ለ12 ተካፍሎ ይደመርበታል። ፋይበር የሚባለው፣ አንጀታችን የማይፈጨው የእህል ቃጫ፣ በግራም ተለክቶ ለ5 ይካፈልና ይቀነስለታል፤ ለዚህ ስሌት ግን ከ4 ግራም በላይ ያለው አይቆጠርም። ውጤቱ ነጥብ ይባላል። ሰውየው እንደ ክብደቱ በቀን ከ20 ጥቂት ዝቅ ከሚል እስከ 30 አካባቢ ነጥብ ይመደብለታል። የወደደውን ይበላል፤ ከተመደበለት ግን አያልፍም። እንቅስቃሴ ካደረገ ጥቂት ነጥብ ይጨመርለታል። የዘዴው ብልኃት ሁለት ወይም ሦስት የሥነ ምግብ ቁጥሮችን አጣምሮ እንደ ገንዘብ የሚወጣ አንድ ትንሽ ቁጥር መስጠቱ ነው። 1,350 ኪሎ ካሎሪ ማስታወስ ያታክታል፤ 24 ነጥብ ግን ማንም ባለሱቅ በቃሉ ይይዘዋል።

እስቲ በእኛ ምግብ እንሞክረው። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ነው፤ 100 ግራም እንጀራ እንደ ሊጡ ቅጥነት በግምት 140 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። 150 ግራም የሚመዝን ግማሽ እንጀራ ብንወስድ 210 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ለ50 ሲካፈል 4.2፤ ቅባቱ ኢምንት ነው፤ ቃጫው ወደ አንድ ነጥብ የሚጠጋ ይቀንስለታል። ስለዚህ ሦስት ተኩል፣ ሲጠጋጋ 4 ነጥብ። የተማሪዬ ደብተር እስከዚህ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ሽሮው እንሂድ። ለአራት ሰው በተሠራ ወጥ ውስጥ አንድ የሻይ ብርጭቆ፣ ማለትም 120 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ገብቷል እንበል። ይህን መጠን የበዛ ነው የሚል የደሴ እናት ካለች ልታርመኝ ትችላለች፤ በእኔ ግምት ግን በጾም ቀን ከዚህ የሚያልፍ ቤት ብዙ ነው። የአንድ ሰው ድርሻ 27 ግራም ገደማ ዘይት ይሆናል። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ድርሻው 243 ኪሎ ካሎሪ ነው። ለ50 ሲካፈል 4.9፤ የቅባቱ ቅጣት ሲደመር 2.2፤ በድምሩ ከ7 ነጥብ በላይ። ዱቄቱና ሽንኩርቱ ገና አልተቆጠሩም! ዓይን የማያየው፣ ወጡ ላይ ከመንሳፈፉ በቀር ማንም ምግብ ብሎ የማይጠራው ዘይት ከግማሽ እንጀራው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከተማችን ውስጥ ክብደት ልቀንስ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚተወው እንጀራን መሆኑን ስናስታውስ ይህ ስሌት ብቻውን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያበቃኛል።

«ሽሮ 3» የሚለው የደብተሩ ግምት እንግዲህ ከየት መጣ? ልጅቷ የገመተችው ዘይቱ እጅግ አነስተኛ በሆነው በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ሽሮ ነው። ለእሷ ግምቱ ቅርብ ነበር። ይኸንኑ ቁጥር ለእናቷ አስተላልፋ ነበር፤ እናቷ ግን የሚበሉት ቤታቸው የተሠራውን ነው። ስለዚህ መብላት የሚገባት በትክክል እየቆጠረች ትራባለች፤ መቀነስ የሚገባቸው ደግሞ በተሳሳተ ቁጥር ተጽናንተው ይበላሉ።

ሻይም አለ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 12 ግራም፣ 48 ኪሎ ካሎሪ፣ በአሮጌው ቀመር አንድ ነጥብ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ለሚጠጣ አምስት ነጥብ፤ ይኸም ከግማሽ እንጀራው ይበልጣል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ሁለት ተኩል ነው። የጫትን ነገር ከነካሁት ብዙ ስለሚያስኬደኝ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ምግብ ያስጠላልና ያከሳል የሚሉት ተማሪዎች ከቅጠሉ ጋር የሚጠጡትን ስኳር አይቆጥሩትም።

ቀመሩ እንደ ኒውተን ሕግ ጸንቶ የቆመ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ተለውጦ ካሎሪ በቀጥታ መቆጠሩ ቀረና ፕሮቲን፣ ካርቦሃይድሬት፣ ቅባትና ቃጫ ለየብቻ ተመዘኑ፤ ፍራፍሬም በነጻ ሆነ። በ2015 መጨረሻ እንደገና ተለውጦ ስኳርና ጠጣር ስብ ነጥብን ከፍ የሚያደርጉ፣ ፕሮቲን ደግሞ ዝቅ የሚያደርግ ሆኑ። በ2017 መጨረሻ ከ200 የሚበልጡ ምግቦች፣ እንቁላል፣ ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ባቄላና ምስር ጭምር፣ ዜሮ ነጥብ ተባሉ። እንቁላል በ1997 ነጥብ ነበረው፤ በ2017 የለውም። እንቁላሉ አልተለወጠም። እንግዲህ ነጥብ እንደ ግራም ወይም እንደ ጁል የተፈጥሮ ልኬት አይደለም፤ ሰዎች ወደዚህ ብሉ፣ ከዚያ ራቁ ብለው ያወጡት ዋጋ ነው። ዋጋው በአብዛኛው በጥሩ ሳይንስ የተደገፈ ነው፤ ሳይንሱ ሲታደስ መታደሱም ነውር አይደለም። ሆኖም አሮጌ መጽሐፍ በእጁ የገባ ሰው የትኛውን ዘመን ዋጋ እንደያዘ ማወቅ አለበት። በሸማቾች ማኅበራት በኩል ለብዙ ዓመታት ሲከፋፈል የኖረው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው። በ1997ቱ ቀመር ከኑግ ዘይት ጋር እኩል ይቆጠራል፤ በ2015ቱ ግን በጣም ይለያያሉ።

ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ጥናቶች ብዙ ናቸው። በጃማ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ አንድ ጥናት 423 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በዌይት ዋቸርስ፣ ግማሾቹ በአጭር ምክርና በራሳቸው ጥረት ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ 4.3 ኪሎ፣ ሁለተኛዎቹ 1.3 ኪሎ ቀነሱ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 2.9 እና 0.2 ሆነ። በላንሴት እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሌላው ጥናት በአውስትራሊያ፣ በጀርመንና በብሪታንያ 772 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ በፕሮግራሙ ያለፉት 5 ኪሎ፣ መደበኛ የሐኪም ምክር ያገኙት 2.3 ኪሎ ገደማ ቀንሰዋል። ለዚህ ጥናት ገንዘቡን የሰጠው ድርጅቱ ራሱ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። በ2017 ደግሞ ከ1,200 በላይ ሰዎች በተካፈሉበት የብሪታንያ ጥናት አንድ ዓመት ሙሉ የተከታተሉት 12 ሳምንት ብቻ ከተከታተሉት ይበልጥ ቀንሰዋል።

ቁጥሮቹ ትንሽ ይመስላሉ። ናቸውም። በየግድግዳው ላይ «በወር 15 ኪሎ» እያለ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ለለመደ ዓይን 5 ኪሎ የሚያሳፍር ነው። በሕክምና ዓይን ግን ከክብደት መቶኛ 5 እስከ 10 እጅ መቀነስ የደም ግፊትን፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳርና ስብ በግልጽ ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ከ3,200 በላይ ለበሽታው የተቃረቡ ሰዎችን ይዞ፣ ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የጣሩት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለተማሪዬ እናት 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ነው። ቀጭን ሴት አይሆኑም፤ መሆንም አያስፈልጋቸውም።

ታዲያ የቀነሰው ለምን ይመለሳል? ብዙዎቻችን ስንፍና ነው እንላለን። አካላችን ግን የራሱ ሒሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት 50 ወፍራም ሰዎችን ለአሥር ሳምንት እጅግ ጥቂት ምግብ እየመገበ ካከሳቸው በኋላ ረኃብንና ጥጋብን የሚያስታውቁ ሆርሞኖቻቸውን ለካ። ከአንድ ዓመት በኋላም ሆርሞኖቹ ሰውየውን «ብላ፣ ብላ» በሚያሰኝ ሁኔታ ላይ ነበሩ። በዚህ ላይ የከሳ አካል በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለውን ኃይል ከሚጠበቀው በላይ ይቆጥባል። ይህን ቁጠባ የወሎ ሰው ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል፤ አያቶቻችን በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የተረፉት በከፊል በዚሁ ጠባይ ነውና።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህን ርእስ ደሴ ላይ ተቀምጦ መጻፍ ሌላ ቦታ ከመጻፍ የሚለየው በዚህ ነው። በእኛ አካባቢ ከጉዞ ለተመለሰ ሰው «ወፍረህ መጣህ» ማለት ምርቃት ነው፤ «ምነው ከሳህ፣ ምን አገኘህ?» የሚለው ግን ሐዘን አዘል ነው። ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ የሚያጣጥል ሰው የኮረምን ሜዳና በደሴ መንገድ ዳር የተቀመጠውን ሕዝብ የረሳ ነው። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼም ከዚሁ ተነሥተው «ገና ያልጠገበ ሕዝብ ስለ ማክሳት ምን አወራው?» ይሉኛል።

መልሴ በቁጥር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያት መካከል ከልክ በላይ የከሱት 27 በመቶ፣ ከልክ በላይ የወፈሩት 4 በመቶ ነበሩ። በ2016 የከሱት ወደ 22 ዝቅ ሲሉ የወፈሩት ወደ 8 ወጡ። የወፈሩት በአብዛኛው የሚገኙት ከተማ ውስጥ ነው። ሁለቱ ችግሮች ተራ እየጠበቁ አይመጡም፤ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በተማሪዬ ቤት እንዳየነው በአንድ ጣራ ሥር አብረው ይኖራሉ። ረኃቡና የዛሬው በሽታ እንደምናስበው የተራራቁም አይደሉም። በራያ ቆቦ ከ1977ቱ ረኃብ በተረፉ ሰዎች ላይ በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች፣ ረኃቡ በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ያገኛቸው ሰዎች በጎልማሳነታቸው ለደም ግፊት፣ ለደም ስኳርና ለወገብ ስብ ጥምር ችግር ይበልጥ መጋለጣቸውን አመልክተዋል። የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬ ዕድሜያቸው ከአርባ አልፏል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከተማ ገብተዋል። ደሴ ሆስፒታል የስኳር ሕመምተኞች በሚከታተሉበት ቀን የሚሰለፈውን ሰው ያየ፣ ርእሱ የቅንጦት ነው አይልም። በተቃራኒው ደግሞ በጎንደር አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ የገጠር ሕሙማን ድኾችና ከሲታዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ለእነዚህ ክብደት ቀንስ የሚለው ምክር ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ ልመለስ። የነጥብ ዘዴ ሦስት ነገሮችን እንደ ቀላል ይወስዳል፦ ምግቡ መጠቅለያው ላይ ቁጥር እንዳለበት፣ ሰው ለብቻው በሳሕን እንደሚበላ፣ በየቀኑም የሚበላው ተመሳሳይ እንደሆነ። በእኛ ዘንድ ሦስቱም የሉም። እንጀራ መለያ ወረቀት የለውም፤ የአንዱ ቤት ምጣድ ከሌላው ይሰፋል፣ የአንዱ ሊጥ ከሌላው ይቀጥናል። ሳሕናችን የጋራ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ መባሉ በአንድ ማዕድ መቅረብ እዚህ ምን ያህል ክብር እንዳለው ይናገራል። ከአራት ሰው ጋር ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ስንት ግራም እንደበላ በምን ያውቃል? እናት በእጇ የምታጎርሰው ጉርሻ ስንት ነጥብ ነው? ተማሪዬ ይህን ጥያቄ የፈታችው ቤት ስትሄድ ከገበታ በመቅረት ነው፤ «በልቻለሁ» እያለች። ይህን ስትነግረኝ ነው ነገሩ ከሥነ ምግብ ማለፉን የተረዳሁት።

የዓመቱም ዑደት አለ። አንድ የኦርቶዶክስ ምእመን የሚጾማቸው ቀናት በዓመት ከ180 ይበልጣሉ። እንቁላል፣ ዶሮና እርጎ ዜሮ ነጥብ ቢሆኑ በዐቢይ ጾም ምን ይጠቅሙታል? በጾም ወጥ ውስጥ ደግሞ የቅቤውን ቦታ የሚይዘው ያው ዘይት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከደቡብ ወሎ ሕዝብ ከአሥሩ ሰባቱ ሙስሊም ነው፤ በረመዳን የቀኑ ምግብ ሁሉ ወደ ሌሊት ይዞራል፤ ማፍጠሪያው ላይ ሳምቡሳና ጣፋጭ ይቀርባል። «ቁርስ 5፣ ምሳ 8፣ እራት 8» የሚል ሠንጠረዥ በዚያ ወር ምንም አይናገርም። በሌላ በኩል ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና አተር በአዲሱ ቀመር ዜሮ ነጥብ መባላቸው የሚያስደስት ነው፤ እኛ እነዚህን የምንበላው ዛሬ አይደለም።

ስለ ወጣቶች ያለኝ ሐሳብ ጠንከር ያለ ነው። የተማሪዬ ክብደት ለቁመቷ ካሬ ሲካፈል 17.9 ነው። ከ18.5 በታች ያለው ሰው ከልክ በላይ የከሳ ይባላል። መጽሐፉ የታሰበው ለእሷ ዓይነት ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት ይዛ ባነሰ ቁጥር ደስ ይላት ነበር። 18 ነጥብ በግርድፉ ከ900 እስከ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ነው። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በጦርነት የተራቡ ሰዎችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማጥናት 36 ጤነኛ ወንዶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር በቀን 1,570 ኪሎ ካሎሪ ገደማ እየሰጠ አስርቧቸው ነበር። የክብደታቸውን ሩብ አጡ። ከዚያ በላይ ተመራማሪዎቹን ያስገረማቸው የአእምሯቸው ነገር ነበር፤ ሰዎቹ ስለ ምግብ ከማሰብ በቀር ሌላ ሐሳብ አጡ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ማንበብ ጀመሩ፣ ተነጫነጩ፣ ተከዙ። አንዲት ተማሪ ከዚያ ባነሰ ምግብ ልታጠናና ልትፈተን ስትሞክር ነበር ማለት ነው። በዚህ መንገድ የቀጠለች ወጣት የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷ ሊሳሳ፣ ጡንቻዋ ሊሟሽሽ ይችላል፤ ፈጥኖ የሚከሳም ሰው በሐሞት ጠጠር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል።

ድርጅቱ ራሱ እርጉዞችንና የአመጋገብ መታወክ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይቀበልም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 ኩርቦ የሚባል፣ ከ8 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ምግብን በትራፊክ መብራት ቀለም የሚለይ የስልክ ፕሮግራም ማውጣቱ ብዙ ሐኪሞችን አስቆጣ። በ2022 ደግሞ ያለ ወላጅ ፈቃድ የሕፃናትን መረጃ ሰብስቧል ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለውጧል፤ እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች መጡ፤ ድርጅቱ በ2023 መድኃኒት የሚያዝዝ ኩባንያ ገዛ፤ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ለማቃለል የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመትም ከሒደቱ ወጣ። ሰዎች መቁጠር ሰለቻቸው ማለት ይቻላል። መርፌው ለእኛ ከተማ ሰው ኪስ እስኪቀርብ ድረስ ግን መቁጠር የሚያስፈልገው ሰው ይኖራል።

እንዴት ይቁጠር? በጥናቶቹ ውስጥ ለውጡን ያመጡት ሁለት ነገሮች ይመስሉኛል፤ የሚበሉትን መመዝገብና በየሳምንቱ ከሰዎች ጋር መገናኘት። ሁለቱም የአሜሪካ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። በጽዋ ማኅበርና በዕድር ለተደራጀ ሕዝብ ሁለተኛውን ማስተማር እንዲያውም ድፍረት ነው። የጎደለን የመጀመሪያው መሣሪያ ነው፦ የእኛን ወጥ በእኛ ጭልፋ የሚለካ ሠንጠረዥ። መነሻው አለ። በኢትዮጵያ የምግቦች ንጥረ ነገር ሠንጠረዥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ በኋላም ተሻሽሏል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2022 አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ አውጥቷል። እነዚህ ስለ ምስርና ስለ ጤፍ ይነግሩናል፤ ደሴ ውስጥ ያለች እናት ማክሰኞ ማታ በሠራችው ወጥ ውስጥ ስንት ዘይት እንዳለ ግን ሊነግሩን አይችሉም።

ይህን ለካልን ማለት ለአንድ የሳይንስ ክፍል የማይከብድ ሥራ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን ከሚያውቋቸው ቤቶች የእንጀራውን ክብደት፣ ወጡ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ በዘይት ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን መጠን፣ የበላተኛውን ቁጥር ቢመዘግቡ በአንድ መንፈቀ ዓመት የሚታመን ሠንጠረዥ ይወጣል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ ሐረጎን ወርዶ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ የሁለቱ ከተሞች ምግብና እንቅስቃሴ ይለያይ እንደሆነም በዚያው ይታያል፤ ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥቶ በባጃጅ ወደ ቤቱ የሚገባና የደሴን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሰው እኩል አይመገብም ብዬ እገምታለሁ። ከሠንጠረዡ በፊት ግን አንድ ገጽ መቅደም አለበት፦ ቁመትና ክብደት። ከ18.5 በታች የሆነ ሰው ሠንጠረዡ እንዳይሰጠው።

ተማሪዬን ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ሸኝቻት ነበር፤ ክትትሏ ገና አላለቀም። ደብተሩን ግን አልጣለችውም። ባለፈው ወር ስታሳየኝ ቁጥሮቹ የእናቷ ነበሩ፤ ነጥብ የሚባለው ቀርቶ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ተጽፏል፤ ዘይት፣ በቡና ሲኒ። ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ አንድ ተኩል፣ ረቡዕ ጾም ነው፣ ሦስት። ሲኒው ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ በቤተ ሙከራ ልትለካው ይዛ መጥታ ነበር።